ጎማው መንገድ ላይ ሲተነፍስ፦ ከጅማ ለሚወጣ ሞተረኛ

ሰቃ መንገድ ላይ የኋላ ጎማዬ የተነፈሰ ቀን ሥራውን ሁሉ በደንቡ ሠራሁት። ሞተሯን ከመንገድ አወጣሁ፣ ጎማውን ፈታሁ፣ ካላማዳሪውን (ንፋስ የሚይዘውን የውስጥ ላስቲክ) ጎትቼ አወጣሁ፣ ነፍቼ ከመንገዱ በታች ባለችው ጅረት ውስጥ ነከርኩት። ዙሪያውን ሁለቴ አዞርኩት፤ አንዲት አረፋ የለችም። አርባ ደቂቃ አልፏል፣ እጄ እስከ ክርኔ ጭቃ ነው። ላም ነድተው የሚያልፉ አንድ አባት ቆም ብለው ሲያዩኝ ቆዩና «ልጄ፣ አፉን አይተኸዋል?» አሉኝ። ጣታቸውን በምራቅ አርሰው ቫልቩ ጫፍ ላይ ጠብ ቢያደርጉ አረፋዋ ቡልቅ አለች። የቫልቩ መርፌ ላልቶ ኖሯል። በግማሽ ዙር ማጥበቅ የሚያልቅ ነገር ነበር። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው።

መለጠፉን ማንም ሰው በአንድ ቀን ይለምደዋል። የሚከብደው ጎማው ለምን እንደተነፈሰ ማወቅ ነው። ምክንያቱን ሳታውቅ የለጠፍከው ጎማ አጋሮ ሳትደርስ ደግሞ ይተነፍሳል፤ አጋሮ ደግሞ ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። እዚህ የምጽፈው እኛ አካባቢ በብዛት ስለሚነዱት ከ100 እስከ 150 ሲሲ ሞተሮች፣ ካላማዳሪ ስላለው ጎማቸው ነው። ቱብለስ (ካላማዳሪ የሌለው ጎማ) የያዘ ሰው ወደ መጨረሻው አካባቢ የራሱን ያገኛል።

ገና እየሄድክ ሳለ

የኋላ ጎማ ሲተነፍስ ሞተሯ ከኋላ መዋኘት ትጀምራለች፤ ጭቃ ላይ የገባህ ይመስልሃል፣ ግን መንገዱ ደረቅ ነው። የፊቱ ሲሆን መሪው ይከብዳል፣ ወደ አንድ ጎን ይጎትታል። የፊቱ ይብሳል፤ መሪህን ነው የሚቀማህ።

በሁለቱም ሁኔታ ነዳጁን ቀስ ብለህ ልቀቅ፣ መሪውን በሁለት እጅህ ቀጥ አድርገህ ያዝ፣ ፍጥነቷን በራሷ ጊዜ ትጣል። ፍሬን ላይ አትዝለል። ፍሬን መያዝ ግድ ከሆነብህ የደህናውን ጎማ ብቻ፣ በስሱ ያዝ፤ የኋላው ከተነፈሰ የእጅ ፍሬን፣ የፊቱ ከተነፈሰ የእግር ፍሬን ማለት ነው። የተነፈሰን ጎማ በፍሬን ስታስጨንቀው ከቸርኬው (ጎማው ከሚገጥምበት ክብ ብረት) ላይ ሊወልቅ ይችላል፤ ያን ጊዜ ወሬው ስለ ጎማ መሆኑ ይቀራል።

በቀኝ በኩል ከአስፋልቱ ሙሉ በሙሉ ውጣ። ወደ ጎጀብ የሚያወርደው ጠመዝማዛ ላይ ወይም አዲስ አበባ መንገድ ላይ ወደ ጊቤ በረሃ ስትወርድ ከሆነ የደረሰብህ፣ ኩርባው ላይ አትቁም። ሃምሳ ሜትር ቀስ ብሎ መግፋት ካላማዳሪ ሊያስከፍልህ ይችላል፤ ኩርባ ላይ መቆም ግን ሌላ ነገር ያስከፍላል። ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ ሰብረህ ከኋላህ ራቅ አድርገህ አስቀምጥ፤ የጭነት መኪና ሾፌር ሁሉ ያውቀዋል። ጠዋት ጭጋግ ካለ ወይም ሊመሽ ከሆነ መብራትህን አብራና ተው።

ከመፍታትህ በፊት

መጀመሪያ ቫልቩ። ክዳኑን አውጣ፣ ምራቅ ወይም ውሃ ጠብ አድርግበት። ጎማው ጨርሶ ባዶ ከሆነ ትንሽ ንፋበትና ሞክር። አረፋ ካለ መርፌውን በመፍቻው አጥብቅና እንደገና ሞክር። ክዳኑ ራሱ አንዳንዱ ላይ በጀርባው መርፌ መፍቻ አለው፤ እንዲህ ዓይነቱን ፈልገህ ግዛ፣ ዋጋው ምንም አይደለም። መርፌው ውስጥ አሸዋ ገብቶ ከሆነ አውጥተህ አጥበህ መልስ።

ሁለተኛ፣ ጎማውን ቀስ እያልክ በእጅህ አዙርና መሬት የሚነካውን ፊቱን ሁሉ ተመልከት። ጭቃ ከለበሰ መጀመሪያ አጥበው፤ የጅማ ቀይ አፈር ሲጣበቅ ሚስማርን ብቻ አይደለም፣ ቸርኬን ይደብቃል። ሚስማር ካገኘህ አትንቀለው! መጀመሪያ ቦታውን በኖራ፣ በእስክርቢቶ ወይም በሳር ቋጠሮ ምልክት አድርግ። ነቅለህ ከጣልከው በኋላ ቀዳዳው ይዘጋና የት እንደነበር ትረሳዋለህ።

ሦስተኛ፣ የቫልቩን አቋም እይ። ቀጥ ብሎ ወደ ቸርኬው መሃል ማመልከት አለበት። ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ጎማው ቸርኬው ላይ ተንሸራቶ ካላማዳሪውን እየጎተተው ነው ማለት ነው። ይህን ልብ በል፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ይዘኸው የምትሄደው

ከኮርቻው ሥር ወይም በትንሽ ቦርሳ፦ ሁለት የጎማ ማውጫ ብረት (ሦስት ከሆነ ደስ ይላል)፣ ለፐርኖው (ጎማው ለሚዞርበት ዘንግ) ዳዶ ልክ የሆነ መፍቻ፣ ፒንሳ፣ የእጅ መንፊያ፣ ማስቲሽና መለጠፊያ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ የቫልቭ መርፌ መፍቻ፣ ጨርቅ፣ የግንባር መብራት፣ አንድ ሊትር ውሃ። ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ አዲስ ካላማዳሪ። ዝናብ ውስጥ መለጠፊያ አይይዝም፤ በጅማ ደግሞ የዝናቡ ወራት ከደረቁ ይበዛሉ። ክረምት ላይ መንገድ ዳር ከመለጠፍ ካላማዳሪውን መቀየርና የተቀደደውን ቤት ወስዶ መለጠፍ ይሻላል።

መፍቻውን በግምት አትግዛ። የፐርኖው ዳዶ ከሞተር ሞተር ይለያያል፤ ቤትህ ሆነህ ፈትተህ ሞክረው። ሌላ ሰው በረጅም ቱቦ አስረዝሞ ያጠበቀውን ዳዶ በትንሽ መፍቻ መንገድ ዳር ልትፈታው አትችልም። መንፊያው የብስክሌት ቢሆንም ችግር የለውም፣ ግን አፉ ለመኪና ቫልቭ የሚሆን መሆኑን እይ። ከመቶ ምት በላይ ትነፋለህ፤ ክንድህ ያውቀዋል።

ካላማዳሪውን ስትገዛ በጎማህ ጎን የተጻፈውን አንብብ። 3.00-17 ካለ 3.00 ስፋቱ፣ 17 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። ባለ 17 ጎማ ውስጥ የባለ 18 ካላማዳሪ ካስገባህ ይተጣጠፋል፤ የታጠፈበት ቦታ እየተፋተገ ይቀደዳል። ባለ ሱቁ «ያው ነው» ቢልህ ያው አይደለም።

ጎማውን ሳይፈቱ መለጠፍ

ሚስማሩን ካገኘኸውና ምልክት ካደረግክበት ጎማውን ከሞተሯ ላይ ማውረድ ግድ አይልም። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም፣ ወይም ሰነፍ ሥራ ይመስለዋል። እኔ ግን በተለይ ለኋላ ጎማ ሁልጊዜ መጀመሪያ የምሞክረው ይህን ነው።

ሞተሯን በመሃል ማቆሚያዋ አቁም። የመሃል ማቆሚያ ከሌላት በጎን ማቆሚያዋ አቁመህ በሌላው በኩል ከሥሯ ድንጋይ ወይም ግንድ ደግፍ፤ እንደ ጅማ በርጩማ በሦስት እግር ካልቆመች አትነካካት። ምልክት ያደረግክበትን ቦታ ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን፣ ለእጅህ ወደሚመች ቦታ አዙር። ንፋሱን በሙሉ አስወጣ። ከዚያ ካቴናው በሌለበት በኩል የጎማውን ጠርዝ በጫማህ ተረከዝ ወደ ውስጥ ገፍተህ ከቸርኬው አላቅቀው፤ ምልክቱ ባለበት አካባቢ ያለውን ጠርዝ በብረቱ ከቸርኬው በላይ አውጣ፣ ሚስማሩን ንቀልና ካላማዳሪውን ጥቂት ሳብ አድርገው። ቀዳዳውን ለጥፍ፣ መልሰህ አስገባ። ካቴና አልነካህ፣ ፍሬን አልነካህ።

ሲፈታ

ሚስማሩ ካልተገኘ ወይም ካላማዳሪው መቀየር ካለበት ጎማው ይወርዳል። ስለ ኋላው ልናገር፣ የፊቱ ከዚህ ይቀላል።

ሞተሯን ወደ ማቆሚያዋ ከመስቀልህ በፊት፣ ሁለቱም ጎማ መሬት ላይ ሳለ የፐርኖውን ዳዶ ላላ አድርግ፤ ተሰቅላ ሳለ ብትታገል ልትጥላት ትችላለህ። ከዚያ ስቀላት። የኋላው ፍሬን ከበሮ ከሆነ የፍሬኑን ዘንግ ዳዶ ፍታና ሞላውን (ስፕሪንጉን) ጣል እንዳታደርግ ኪስህ ክተተው፤ ሣር ውስጥ የጠፋ ሞላ አይገኝም። ፍሬኑን ከኋላው ክንድ (የኋላውን ጎማ ከሞተሯ አካል ጋር ከሚያያይዘው ብረት) ጋር የሚያስረውን ብረት ፍታ። የካቴና ማጥበቂያዎቹን በሁለቱም በኩል እኩል ዙር አላላ፤ ስንት ዙር እንደሆነ ቁጠር፣ ስትመልስ ያግዝሃል። ጎማውን ወደ ፊት ግፋ፣ ካቴናውን ከጥርሱ ላይ አውርድ፣ ፐርኖውን ሳብ።

ፐርኖው ሲወጣ ከግራና ከቀኝ ቱቦዎችና ሮንዴላዎች ይወድቃሉ። የትኛው በየት በኩል እንደነበር አእምሮህን አትመን፤ ስልክህን አውጥተህ ፎቶ አንሳ፣ ከዚያ በወጡበት ተራ ጨርቅ ላይ ደርድራቸው። አንዷ ተገልብጣ ብትገባ ጎማው ወደ ጎን ይሸሻል ወይም ፍሬኑ ይይዛል።

የፊቱ ዲስክ ፍሬን ከሆነ አንድ ነገር ብቻ፦ ጎማው ወጥቶ ሳለ የእጅ ፍሬኑን ማንም እንዳይጨብጥ። ተሰብስበው የሚያዩህ ልጆች መሪውን መነካካት ይወዳሉ። አንዴ ከተጨበጠ የፍሬን ሸራዎቹ ይጋጠማሉ፣ ዲስኩ አልገባ ይላል፣ ከዚያ በካቻቢቴ ስትፈለቅቅ ይመሽብሃል። በመካከላቸው ቀጭን እንጨት ሸጉጥበት።

አሁን ጎማውን ከቸርኬው ማላቀቅ። የቫልቩን መርፌ አውጣ፣ የቫልቩን ዳዶ ፍታ። ጎማውን መሬት ላይ አስተኛና በዙሪያው በሁለት እግርህ ጠርዙን እየረገጥክ ዙር፤ ካቴናው የሚይዘው ጥርስ ወይም ዲስኩ መሬት እንዳይነካ ከሥሩ ጆንያ አድርግ። ሳሙና ካለህ ጠርዙን በሳሙና ውሃ አርሰው፤ ዘይትና ግራሶ ግን አትቀባ።

የጎማ ማውጣት ምሥጢሩ ጉልበት አይደለም። ቸርኬው መሃሉ ጎድጓዳ ነው። ከቫልቩ በተቃራኒ ያለው የጎማው ጠርዝ ወደዚያ ጎድጓዳ ካልወረደ እዚህ ማዶ ብረት ብታጎብጥም አይወጣልህም። ስለዚህ በጉልበትህ ያኛውን በኩል ወደ ጎድጓዳው ተጫነው፣ ማውጣቱን ከቫልቩ አጠገብ ጀምር፣ በየጊዜው ከአምስት እስከ ሰባት ሴንቲ ሜትር ብቻ ውሰድ። የሚከብድህ ከሆነ ቆም በልና ማዶውን እንደገና ተጫን። ሰው የሚሳሳተው በብረቱ በአንዴ ብዙ ለማውጣት ሲታገል ነው። አንዱ ጠርዝ ከወጣ ይበቃል፤ ካላማዳሪውን ጎትተህ አውጣ፣ ቫልቩን በመጨረሻ።

ቀዳዳውን ማንበብ

ካላማዳሪውን ከወትሮው ስፋቱ በላይ ንፋው። ከጆሮህ አጠገብ አዙረው፤ ጩኸቱን ካልሰማህ ወደ ከንፈርህ አስጠጋው፣ ከንፈር ከጣት ይልቅ ንፋስ ይለያል። ውሃ ካለ ነክረው። ስታገኘው ክበብበት። ከዚያ ቫልቩን ከቫልቩ ቀዳዳ ጋር አስተካክለህ ካላማዳሪውን ጎማው ላይ አስተኛው፤ ቀዳዳው በጎማውና በቸርኬው ላይ ከየትኛው ቦታ ጋር እንደሚገጥም ታያለህ። ይህን ሳታደርግ የለጠፍክ እንደሆነ ዕድል ነው የተሸከመህ።

አንዲት ትንሽ ክብ ቀዳዳ መሬት በሚነካው በኩል ከሆነች የወጋህ ነገር አለ፣ ምናልባትም አሁንም ጎማው ውስጥ ተቀምጧል። ቤት በሚሠራበት ሰፈር የቆርቆሮ ሚስማር ነው። በቡና ማሳ ውስጥ በእግር መንገድ የምትሄድ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር ጠብቅ፤ ያረጀ ቡና ሲጎነደል የሚቀረው ጉቶና የተቆረጠው ቅርንጫፍ በሰያፍ የሾለ ነው፣ ቅጠል ሲሸፍነው አይታይም። በጊቤ በኩል የግራር እሾህ አለ። እሾህ ተንኮለኛ ነው፤ ከውጭ ይሰበርና ጫፉ ብቻ ጎማው ውስጥ ይቀራል፣ በዓይን አታየውም። ጨርቅ በእጅህ ይዘህ የጎማውን ውስጥ ዙሪያውን ጥረግ፤ ጨርቁ ሲያዝ እዚያ ነው። በባዶ ጣት አትጥረግ። አግኝተህ በፒንሳ ከነቀልክ በኋላም አንዴ ደግመህ ጥረግ፣ እሾህ ብቻውን አይመጣም።

ሁለት ትናንሽ ስንጥቆች ጎን ለጎን፣ እባብ የነደፈው የሚመስሉ ከሆነ ምንም የወጋህ ነገር የለም። ድንጋይ ወይም የአስፋልት ጉድጓድ ጠርዝ ላይ ስትወጣ ካላማዳሪው በጎማውና በቸርኬው መካከል ተቀርቅሮ ተቆርጧል። ሚስማር ስትፈልግ ልትውል ትችላለህ። ምክንያቱ የንፋስ ማነስ ነው፣ ወይም ለዚያ ንፋስ የበዛ ጭነት፤ ሁለት ሰው ከነጆንያ ቡና ጭኖ ባዶ ሞተር በሚነዳበት ንፋስ የሄደ ሰው ይህን ቀዳዳ ያውቀዋል። ሁለቱንም ስንጥቅ በአንድ ሰፊ መለጠፊያ ሸፍን፣ ቸርኬው በዚያ ቦታ ተጎድቶ ከሆነ እይ። ለጥፈህ በዚያው ንፋስ ከሄድክ ግን እባቡ ሁለተኛ ይነድፍሃል።

ቀዳዳው በቸርኬው በኩል፣ በውስጠኛው ወገን ከሆነ ጥፋቱ የመንገዱ አይደለም። ሽቦ ያለው ቸርኬ ከሆነ የአንዱ ሽቦ ራስ ወጥቷል፣ ወይም ሽቦዎቹን የሚሸፍነው የላስቲክ ቀበቶ ተንሸራቷል፣ አለዚያም ዝገት ነው። ሽቦው እንዳይወጋ በድንጋይ ፈትገው፣ ቀበቶውን መልስ፤ ቀበቶው ተበጥሶ ከሆነ ከአሮጌ ካላማዳሪ ቆርጠህ ለጊዜው መሸፈን ይቻላል።

ቫልቩ ሥር የተቀደደ አይለጠፍም። ይህ ያ ያዘነበለው ቫልቭ ነው፤ ንፋስ ያነሰው ጎማ ፍሬን በያዝክ ቁጥር ቸርኬው ላይ ይንሸራተታል፣ ካላማዳሪውን ይዞት ይሄዳል፣ ቫልቩ ግን ቸርኬው ይዞት ይቀራል። አዲስ ካላማዳሪ አስገባ። ለዚህ ነው የቫልቩን ዳዶ ቸርኬው ላይ አጥብቆ ማሰር የማልወደው፤ ወደ ላይ ከክዳኑ ሥር አድርገው፣ መንሸራተት ከጀመረ ቫልቩ ሲያዘነብል ቀድመህ ታያለህ።

ረጅም ስንጥቅ ወይም የተተረተረ ከሆነም አትድከም። ያረጀ ወይም ተነፍሶ ሳለ ብዙ የተነዳ ካላማዳሪ ነው።

አንድ የመጨረሻ ዓይነት አለ፦ ጎማውን ከመለስክ በኋላ አልነፋ ሲልህ አውጥተህ የምታገኘው፣ በጠርዙ አቅጣጫ የተቆረጠ አዲስ ቀዳዳ። እሱ የሚስማር አይደለም፣ የእሾህም አይደለም። የራስህ ብረት ነው።

መለጠፍ

ቀዳዳው ያለበትን ከመለጠፊያው ሰፋ አድርገህ በብርጭቆ ወረቀት ፈትግ፤ የሚያብረቀርቀው ጥቁር ደብዛዛ እስኪሆን። ካላማዳሪው ላይ የቀለጠ የሚመስል ቀጭን መስመር አለ፣ በዚያ ላይ ከሆነ እሱን ፍቀህ አስተካክል፣ አለዚያ ንፋሱ በመስመሩ ሥር ይሾልካል። በደረቅ ንጹሕ ጨርቅ ጥረግ። ጥቂት ቤንዚን ጨርቅ ላይ አድርጎ መጥረግም ይሠራል፣ እስኪደርቅ ጠብቅ እንጂ፤ በአጠገብህ ደግሞ ሲጋራ የሚያጨስ ካለ ይራቅ።

ማስቲሹን በስሱ ቀባ። ብዙ ማስቲሽ የተሻለ ይይዛል የሚለው ወሬ ውሸት ነው። ከዚያ አትቸኩል። የጣትህን ጀርባ ስታስነካው የማይጣበቅ እስኪሆን፣ አምስት ደቂቃ ያህል ተወው። ሰው ሁሉ የሚያበላሸው እዚህ ጋ ነው፤ እርጥብ ማስቲሽ ላይ የተለጠፈ መለጠፊያ ትኩስ ሲሆን የያዘ ይመስላል፣ ጎማው ሲሞቅ ይንሸራተታል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። የመለጠፊያውን ላስቲክ ልጠህ፣ ፊቱን በጣትህ ሳትነካ፣ ከመሃሉ ወደ ዳር እየተጫንክ ለጥፍ። በብረቱ እጀታ ቀጥቅጠው። ዙሪያው የቀረው ማስቲሽ ጎማው ላይ እንዳይጣበቅ ደቃቅ ደረቅ አፈር ወይም ዱቄት ነስንስበት። ትንሽ ንፋና ውሃ ጠብ አድርገህ ሞክር።

መመለስ

ካላማዳሪው ቅርጹን እስኪይዝ ብቻ ጥቂት ንፋበት፤ ባዶውን ካስገባኸው ይታጠፋል፣ በብረቱም ትነድፈዋለህ። ቫልቩን በቀዳዳው አስገባ፣ ዳዶውን ሁለት ዙር ያዝለት። ጠርዙን ከቫልቩ ተቃራኒ ጀምረህ በእግርህ አስገባ፤ የሚበዛው ያለ ብረት ይገባል። የመጨረሻውን ቫልቩ አጠገብ ጨርስ፣ ያንን ጊዜ ማዶው በጎድጓዳው ውስጥ መሆኑን አረጋግጥ። ብረት ካስፈለገህ ጫፉን ወደ ውስጥ ጠልቀህ አታስገባ። ጠርዙ ከገባ በኋላ ቫልቩን ወደ ውስጥ ገፋ አድርገህ መልሰው፤ ከጠርዙ ሥር የተያዘ ካላማዳሪ ካለ ይለቀቃል። ዙሪያውን ጎማውን እየገፋህ በቸርኬውና በጎማው መካከል ጥቁር ላስቲክ ብቅ ያለበት እንደሌለ እይ።

ንፋ፣ በሙሉ አስወጣ፣ እንደገና ንፋ። ይህ የካላማዳሪውን እጥፋት ይዘረጋል። በጎማው ጎን ከቸርኬው አጠገብ የሚዞር ቀጭን መስመር አለ፤ ከቸርኬው ያለው ርቀት ዙሪያውን እኩል መሆን አለበት። በአንድ በኩል ሰምጦ ከቀረ ጠርዙ አልተቀመጠም፣ አስወጣና ደግም።

ስንት ይነፋ? በካቴና ሽፋኑ ላይ ወይም በኋላው ክንድ ላይ የተለጠፈውን አንብብ። ከሌለ ለዚህ መጠን ሞተር የፊቱ ከ25 እስከ 28 ፒኤስአይ፣ የኋላው ብቻህን ስትሆን 28 ገደማ፣ ሰው ስትጭን 32 አካባቢ ነው። ጎማው ሳይሞቅ ለካ፤ ሲሞቅ የተለካ ቁጥር ከፍ ብሎ ይታያል፣ እሱን አይተህ ብታስተነፍስ ጠዋት ንፋስ ያንሰዋል።

ጎማውን በወጣበት ተራ መልስ፦ ቱቦዎቹ፣ ካቴናው፣ ፐርኖው፣ የፍሬኑ መያዣ ብረት፣ የፍሬኑ ዘንግ ከነሞላው። መያዣውን ብረት የረሳ ሰው የመጀመሪያውን ፍሬን ሲይዝ ፍሬኑ ራሱ አብሮ ተሽከርክሮ ዘንጉን ይሰብረዋል። የካቴና ማጥበቂያዎቹን ቆጥረህ ባላላኸው መጠን መልስ፣ በክንዱ ላይ ያሉትን ምልክቶች በሁለቱም በኩል አስተያይ። ካቴናው መሃል ላይ በጣት ሲገፋ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር መወዝወዝ አለበት። ዳዶውን አጥብቅ፣ በጫፉ የሽቦ መቆለፊያ ካለው እሱን መልስ። ጎማውን በእጅህ አዙር። ከመነሳትህ በፊት ፍሬኑን ሁለት ሦስቴ ሞክር፤ ዲስክ ከሆነ እስኪጠነክር ደጋግመህ ጨብጥ።

ቱብለስ ለያዘ

ካላማዳሪ የለህምና ሥራህ አጭር ነው። ሚስማሩን ተወው፣ የመድፈኛ ዕቃህን አዘጋጅ። ከዚያ ንቀል፣ በሹሉ መሞረጃ ቀዳዳውን ሚስማሩ በገባበት አቅጣጫ ፈትግ፣ ትል የሚመስለውን ላስቲክ በመርፌው አስገብተህ ሁለቱ ጫፍ ከውጭ እስኪቀር ግፋ፣ መርፌውን በአንዴ ንቀል፣ ትርፉን ቁረጥ፣ ንፋ። በጎማው ጎን ያለ ቀዳዳ በዚህ አይደፈንም። ጠርዙ ከቸርኬው ለቆ ከሆነ በእጅ መንፊያ መልሰህ ማስቀመጥ ከባድ ነው፣ ኮምፕሬሰር ይፈልጋል።

ዕቃ ያልያዘ

ከተማ ውስጥ ከሆንክ፣ ሄርማታ መርካቶ አካባቢም ሆነ ሌላ ሰፈር፣ ባጃጅ ባለበት ጎሚስታ አለና ወርደህ ግፋ። ሞተሯን አስነስተህ በአንደኛ ማርሽ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ እያልክ እየለቀቅህ ከጎኗ መራመድ ይቻላል። ገጠር ላይ ከሆንክ በኦሮምኛ «ጎሚስታን ኤሳ ጂራ?» (ጎሚስታ የት አለ?) ብለህ ጠይቅ፤ «ጎሚስታ» የሚለውን ቃል አማርኛ የማይናገርም ያውቀዋል። መፍቻ ከተገኘ ጎማውን ብቻ ፈትተህ በባጃጅ ወይም በሚያልፍ አይሱዙ መላክ ሞተሯን ከመጫን ይቀላል፤ ሞተሯን ለመንገዱ ዳር ባለ ቤት አደራ በል፣ ካልከበዳቸው ቡና ይቆይሃል።

ተነፍሶ ሳለ መንዳት ካላማዳሪውን ይጨርሰዋል፣ ጎማውን ያቃጥለዋል፣ ቸርኬውን ያጎብጠዋል። ግድ ከሆነ፣ የኋላው ከሆነ ብቻ፣ ሰውም ጭነትም አውርደህ፣ ክብደትህን ወደ ነዳጅ ታንከሩ አስጠግተህ፣ በእግር ጉዞ ፍጥነት። የፊቱን ግን በምንም አትንዳ።

ካላማዳሪው ተተርትሮ ሌላ መላ ሲጠፋ ጎማውን በሣር መጠቅጠቅ የሚባል ነገር አለ፤ እኔ የሞከርኩት በደረቀ የኮባ ቅጠል ነው። ካላማዳሪውን አውጥተህ፣ ጎማው እስኪደነድን ጠቅጥቀህ፣ ጠርዙን ትመልሳለህ። በጣም ብዙ ይፈልጋል፤ ሞልቷል ካልክ በኋላ ግማሽ ያህል ይጨመራል። ጥቂት ኪሎ ሜትር እየዘለለች አደረሰችኝ፤ ውስጡ እንደ ገለባ ሲደቅቅ ይሰማኝ ነበር። ለአስፋልት ፍጥነት የሚሆን ነገር አይደለም።

ጎሚስታው ጋ

ዋጋውን ከመፈታቱ በፊት ተስማማ። ከዚያ አጠገቡ ቁም። እየተጠራጠርከው አይደለም፤ የወጣውን ሚስማር በዓይንህ ማየት ስላለብህ ነው። ምንም ካልወጣ «ወንድሜ፣ ውስጡን በጨርቅ ጥረገው» በለው። በካቻቢቴ ጎማ ሊያወጣ ከሆነ የራስህን ብረት አቀብለው፤ ሹል ካቻቢቴ አንድ ቀዳዳ ዘግቶ ሌላ ይከፍታል። ውሃ ውስጥ ነክሮ ያሳይህ። በኮምፕሬሰር ሲነፋ ብዙዎቹ በጣት ነው የሚለኩት፣ ለመኪና የለመደ እጅ ደግሞ ለሞተር ያበዛል፤ ትንሽ የራስህን መለኪያ ያዝ።

ከተነሳህ ከአምስት ኪሎ ሜትር በኋላ ቁም። ጎማውን በጣትህ ተጫነው፣ የፐርኖውን ዳዶ ንካ፣ የፍሬኑ ከበሮ በጣም ሞቆ ከሆነ ዘንጉ በዝቶ ጠብቋል ማለት ነውና አላላው። ቫልቩ ላይ ምራቅ።

ከመነሳትህ በፊት ግን፣ ያስቀመጥከውን ቅርንጫፍ ከአስፋልቱ አንሳ። ድንጋይ ጨምረህበት ከነበረ ድንጋዩንም፤ ማታ የሚመጣው ሞተረኛ በዚያ ላይ ነው ጎማውን የሚያስነድፈው።